የቦራ ፉርሽካ

ፈረስ አልወድም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ላይ ለፈረስ ስትጨነቅ የዋለች ሴት ስታገኙ "ይቺ ድሮም ፍቅሩ ነበራት" እንዳትሉኝ። ያደግሁት ደብረ ዘይት፣ ጋሪ ነጂ አባት ቤት ነው። ፈረስ ለኔ ጠዋት ጠዋት የሚጠረግ ፋንድያ፣ ዩኒፎርሜ ላይ የሚቀር ሽታ፣ ትምህርት ቤት "የባለጋሪው ልጅ" የሚያስብለኝ ጣጣ ነበር። ስዊድን ስገባ ከፈረስ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። እግዜር ግን ቀልደኛ ነው፤ ስቶክሆልም የወለድኳት አንዲት ልጄ ሊያ ከዓለም ሁሉ መርጣ የወደደችው ፈረስ ሆነ።

የምንኖረው ፊቲያ ነው። እኔ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል። ከሰፈራችን በአውቶቡስ ትንሽ ወጣ ሲባል ኡላ የምትባል ሴትዮ የፈረስ ጋጣ አላት፤ ልጆቹ "ስታል" ነው የሚሉት። ሊያ እዚያ የምትንከባከበው አንድ ሽማግሌ ፈረስ ተሰጣት። ፈረሱ የኡላ ነው፤ ግን የምታጥበው፣ የምትቦርሸው፣ ምሥጢሯን ሁሉ የምታወራው ሊያ ናት። እኔን "ደህና ነኝ" ብላ የምታልፈኝ ልጅ ለፈረሱ ሰዓት ሙሉ ስታወራ ሰምቻለሁ። ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ!

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ወደኛ መጡ። የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፉት መስኮት ሥር ተቀምጠው ነው። "ይሄ አገር ሰው የለውም እንዴ?" ይሉኛል ከሥራ ስመለስ። ሊያ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው፤ ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ በፈገግታ ብቻ ይኖሩ ነበር። መጸው ላይ፣ ብርዱ ሳይመለስ፣ አንድ ቀን ምን እንደታያት አላውቅም፣ እጃቸውን ይዛ ስታል ወሰደቻቸው። ፈረሱ ስሙ ኡስካር ነው፤ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። አባቴ ገና ከበሩ ሲያዩት "ቦራ!" ብለው ተጣሩ። እሱም ጆሮውን አቀና። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ኡስካር ቀርቶ ቦራ ሆነ፤ ሊያም ቦራ፣ ኡላም በተሰባበረ አፏ "ቡራ"። አባቴ በየቀኑ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በአውቶቡስ ይሄዱ ጀመር። የተሳሰረው ጉልበታቸው እንኳ ተፈታ። እኔም የፈረስ ጠላቷ "ተመስገን" አልኩ።

ኡላ ፈረሶቿን የምታበላበት መንገድ ለኔ እስከ ዛሬ ግራ ነው። ሣር ሲመጣላት ቆንጥራ ላቦራቶሪ ትልካለች። አዎ፣ ሣር ላቦራቶሪ ይላካል! ውጤቱን አይታ የያንዳንዱን ፈረስ ድርሻ በሚዛን ትመዝናለች፤ ሣሩ ውስጥ የጎደለውን ማዕድን ደግሞ በዱቄት ትጨምርበታለች። ሊያ አንድ ጠዋት ኩሽና ቆማ፣ የፈረስ ምግብ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፎሩ መብለጥ እንዳለበት፣ ካልበለጠ አጥንቱ እንደሚጎዳ ልታስተምረኝ ጀመረች። ቁርሷን ሳትበላ! "ለራስሽስ አጥንት?" ብላት በሩን ዘግታብኝ ወጣች። አባቴ በበኩላቸው ሚዛኑን መጀመሪያ ያዩ ቀን ሲያዝኑ ነው ያመሹት።

"በሚዛን የሚበላ እስረኛ ነው" አሉኝ። "ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ግን እጇ አይፈታም።"

ብርዱ ሲጋመስ ቦራ ማነከስ ጀመረ። ዛሬ በፊት እግሩ፣ ከነገ ወዲያ በኋላ እግሩ። ኮቴውን የሚሠራለት ሰው አገላብጦ አየና ምንም የለውም አለ። ቀጥሎ ሣሩን ማስተረፍ አመጣ። ኡላ ጥርሱን አስመረመረች፤ ጥርሱም ደህና። ሊያ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ስለ ፈረስ ሆድና ስለ ፈረስ አጥንት ስታነብ ታመሻለች፣ እኔ ደግሞ የማይገባኝን ነገር "አይዞሽ" እላለሁ። አንድ ጤነኛ ነው የተባለ ፈረስ በምን ምክንያት እንዲህ እንደሚሆን የገባው ሰው አልነበረም።

በሁዳዴ ጾም አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥራ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። ሊያ ናት፣ እያለቀሰች፣ በስዊድንኛ።

"እማማ ቶሎ ነይ! ወድቋል! መነሣት አልቻለም!"

"ማን? ሊያ! ማነው የወደቀው?"

ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሣም። ጠዋት አብረዋት የወጡት አባቴ ናቸው፤ ሌላ ማን ይወድቃል? ጫማዬን እንደነገሩ አጥልቄ፣ ካፖርቴን የለበስኩት ደረጃው ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አባቴን ቀብሬያለሁ። ወንድሜን ማን እንደሚያረዳው፣ አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ ወይስ እዚህ ይቀበር፣ ሁሉን አሰብኩት። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ "ሆስፒታል ነው?" አለኝ። "አይ፣ ፈረሶች ጋ" አልኩት። ምን ብሎ እንዳሰበኝ እንጃ።

ስደርስ አባቴ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ቆመዋል! ተጠመጠምኩባቸው።

"ምነው? ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ወድቀዋል ብላኝ እኮ ነው!"

"እኔ? እኔማ ምን ይጥለኛል፤ ቦራ ነው እንጂ የወደቀው።"

ሳቄ መጣ። እፎይታው ነው የሳቀው፣ እኔ አይደለሁም። ቀና ስል ግን ሊያ ከጋጣው ውስጥ ታየኛለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። እናቷ ፈረሷ ሊሞትባት ሲል ቆማ ስትስቅ ነው ያየችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቦራ ጭዱ ላይ ተጋድሟል። ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ አንገቱን አዙሮ ሆዱን ያያል፣ ይገለበጣል፣ ያቃስታል። ኡላ ሆዱ ነው አለች። የሆድ ቁርጠት! ሰው ቢሆን ሻይ ጠጥቶ የሚተኛበት ነገር። ፈረስ ግን ማስመለስ እንኳ አይችልም፤ የበላው ወደፊት ካልሄደ መመለሻ የለውም፣ በዚያው ሊሞት ይችላል። ተረባርበን አስነሣነው። መንከባለሉ አንጀቱን ያጣምመዋል ተብሎ ግቢውን በተራ እናዞረው ጀመር፤ ኡላ፣ ሊያ፣ አባቴ፣ እኔም። ከደብረ ዘይት ጀምሮ የሸሸሁትን ገመድ ይዤ፣ በሕልሜም በማላስበው ግቢ፣ "ና እሺ፣ ና የኔ ጌታ" እያልኩ ፈረስ እጎትታለሁ።

ኡላ የጠራቻት የእንስሳት ሐኪም መጣች፤ ወጣት ናት፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ የሰበሰበች። ሆዱን በማዳመጫ ግራና ቀኝ አዳመጠች። በአፍንጫው ረጅም ቱቦ አስገብታ ውሃ ከጨውና ከዘይት ጋር ሞላችበት። ከዚያ ፊቱን ዳበሰችው፤ ከዓይኑ በታች ያለውን አጥንት በአውራ ጣቷ ሄደችበት፣ ተመልሳ ሄደችበት።

"ይሄ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር" አለች ኡላ።

"ምንድን ነው የሚበላው?"

ኡላ ሣሩን ከነላቦራቶሪው፣ ዱቄቱን ከነሚዛኑ ዘረዘረችላት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

"ይህን የሚበላ ፈረስ እንዲህ አይሆንም። የሆነ ያላወቅነው ነገር አለ።" ወደ ሊያ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከሰዓት በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ። እስከዚያ አንጀቱ ካልሠራና ሕመሙ ካልቀለለው በመርፌ እንዲያርፍ እናደርጋለን። በዚህ ዕድሜው ለቀዶ ጥገና አልልከውም። እስከምመጣ ድረስ አንዲት ነገር እንዳይቀምስ።"

ሊያ ፊቷን የቦራ አንገት ውስጥ ቀበረች።

"ምን አለች?" አሉኝ አባቴ። ለሳቸው የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

"እስከ ከሰዓት ካልተሻለው አይተርፍም። እስከዚያ ምንም አይበላም አለች።"

"ምንም? ጾም?"

"ጾም።"

"ኧረ በሕግ አምላክ! የታመመ ይጾማል እንዴ? ለሰው ስንኳ ቄሱ ይፈቱለታል!" ፈረሱን አዩት። "እኔ ልጹምለት።"

"እርስዎማ እየጾሙ ነው አባባ።"

"እጨምራለሁ።"

ሐኪሟ ሌላ ቦታ ተጠርታ ሄደች። ቦራ ትንሽ ረጋ ሲል ወደ ጋጣው አስገባነው። ሊያ እየተንቀጠቀጠች ስለነበር ከኡላ ጋር ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወስጄ ትኩስ ነገር አስጠጣኋትና፣ አባቴ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ተመለስኩ።

ገና በሩ ጋ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ። ለሕፃን የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

"በሞቴ። በሞቴ ቦራ፣ ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን። ልጅቱ እያለቀሰች ነው፣ ስለሷ ብለህ ቅመስ።"

ፌስታላቸው እግራቸው ሥር ተከፍቷል። እጃቸው ላይ እንደ በሶ የተጨበጠ ነገር አለ፤ ወደ ፈረሱ አፍ ያስጠጉታል። ቦራ ከንፈሩን አላቀቀና ተቀበላቸው። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አባባ! ምንድን ነው እሱ?"

"ፉርሽካ ነዋ።"

"ፉርሽካ ከየት መጣ?"

"ከቤት። ከምድር ቤቱ መጋዘን፤ ባልሽ ነው በከረጢት የሚያመጣልኝ።"

"የሚያመጣልዎ? ስንቴ ነው የሰጡት?"

ጥያቄዬ ግራ ገባቸው። "ስንቴ ይባላል እንዴ? በመጣሁ ቁጥር ነዋ። ባዶ እጄን ልመጣ ኖሯል?"

እዚያው ቆሜ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ ዕረፍት ላይ ነበር። "አዎ፣ በመስመሬ ላይ የመኖ መደብር አለ፤ አባባ ጠየቁኝ፣ አመጣሁላቸው" አለ ሳይደነግጥ። "ኡላስ ታውቃለች?" ስለው "አንቺ የጠየቅሻት መስሎኝ" አለኝ። ጉድ እኮ ነው! እኔ ፌስታሉ ውስጥ የካሮት ልጣጭ መስሎኝ ነበር፣ ባሌ እኔ የጠየቅሁ መስሎት ነበር፣ ኡላ ደግሞ ሽማግሌው ምሳቸውን የቋጠሩ መስሏት ነበር።

"ለምን ለኡላ አልነገሯትም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? 'ፈረስሽን አታጠግቢውም' ልበላት? የሰው ከብት በባለቤቱ ፊት ማብላት ስድብ ነው። እንዳላሳፍራት ዞር ስትል ነው የምሰጠው። ትናንት የተወለድሽ ነሽ እንዴ፣ ይህን አታውቂም?"

አውቃለሁ። ችግሩም እሱ ነው። ጨዋ እንግዳ ለመሆን ብለው የተጠነቀቁ ሰው ናቸው፤ ሌባ ቢሆኑ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቁም።

አሁን ምን ላድርግ? ለሐኪሟ ካልነገርኩ በማታውቀው ነገር ታክመዋለች፣ ፈረሱም ይሞታል። ከነገርኩ ሊያ ትሰማለች። ቦራ ሞቶ፣ የገደለው ደግሞ የአያቷ እጅ ነው ከተባለ፣ ያቺ ልጅ ዳግመኛ ዓይናቸውን አታይም። እሳቸውም ወደዚያ መስኮት ይመለሳሉ፣ ከዚያ መስኮት ደግሞ የሚነሡ አይመስለኝም። ሆስፒታል ስንት ነገር ያየሁ ሴት ያን ጊዜ እንደ ሕፃን እናቴን ነው የተጣራሁት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሄጄ ኡላን ወደ ጋጣው ጠርቼ ነገርኳት። ኡላ አልጮኸችም፤ ስልኳን አንሥታ ሐኪሟን አገኘች። "ምን ያህል ነው የሚሰጠው?" ተባለ፤ አባቴን ጠየቅኋቸው፣ ፌስታሉን ወደ ላይ አንሥተው አሳዩኝ። "ሙሉ ፌስታል" አልኩ። "በየቀኑ። ከመጸው ጀምሮ።" ዞር ስል ሊያ ከኋላዬ ቆማለች።

በስዊድንኛ ነው የጮኸችው። መርዘኸዋል አለች። እንዳትመጣ፣ ዳግመኛ እንዳትነካው አለች። ሊያ "እርስዎ" ማለት አታውቅም፤ አያቷን ሁልጊዜ "አንተ" ነው የምትላቸው፣ እሳቸውም ይወዱት ነበር። ያን ቀን "አንተ"ው ሌላ ሆነ።

ኡላ አቅፋ ወሰደቻት። አባቴ ወደኔ ዞሩ። "ምን አለች?" ይሉኛል ብዬ ስፈራ፣ ምንም አልጠየቁኝም። "ገብቶኛል" ብለው የፌስታሉን አፍ ቋጠሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ እኔ እንጃ። ሐኪሟ ተመለሰች፣ ቱቦው ደግሞ ገባ፣ ውሃና ዘይት ደግሞ ተሞላ። እየሠራች አስረዳችን፤ እኔም ለአባቴ አስተረጎምኩ። ፉርሽካ ፎስፎሩ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ፈረስ ያንን በብዛት ለወራት ሲበላ ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ እየነቀለ ወደ ደሙ ይጨምራል። አጥንቱ ይሳሳል፤ ፊቱ ያብጣል፣ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው እግሩ ያነክሳል። ሆዱም በፉርሽካ ሲሞላ ሣሩን ይተዋል፤ ሣር ሲያንሰው አንጀቱ ይሰንፋል። ለሰው ልጅ ቢሆን ፉርሽካ ለሆድ ድርቀት የምንመክረው ነገር ነው እኮ! የምሰማውን እያስተረጎምኩ ራሴ አላምነውም ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሊያ በአንደኛው ማዕዘን፣ አባቴ በሌላው። እኔ መሐል ላይ፣ ለማን እንደማዝን አላውቅም። ሐኪሟ ሰዓቷን ታያለች፣ ሆዱን ታዳምጣለች፣ መልሳ ሰዓቷን ታያለች። ቦራ እንደገና ጉልበቱን አጥፎ ሊተኛ ሲል ቦርሳዋን ከፈተች። ሊያ "አይሆንም!" ብላ ተነሣች። ሐኪሟ እጇን ዘርግታ አስቆመቻትና ጆሮዋን ከሆዱ አላነሣችም። "ቆዩ" አለች። "ቆዩ፣ ይንጓጓል።"

ቦራ ጭራውን አነሣ። ፋንድያው ጭዱ ላይ ወረደ።

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ ነኝ! ፋንድያ እየጠረግሁ ያደግሁ፣ ፋንድያ ሽሽት ባሕር የተሻገርኩ ሴት፣ ለፋንድያ እልል አልኩ። ኡላ ሳቀች፣ ሐኪሟ ሳቀች፣ ሊያ መጥታ ተጠመጠመችብኝ። ኡላንም አቀፈች፣ ሐኪሟንም አቀፈች። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። በአጠገባቸው አልፋ ወደ ፈረሱ ሄደች።

ያ ሳምንት ከቅዳሜው ይብሳል። ሊያ እራቷን ክፍሏ ይዛ ትገባለች። አባቴ መስኮቱ ሥር ተመለሱ፣ ኮፍያቸው እንደተሰቀለ ቀረ። "አባባ፣ አጥፍተው አይደለም፣ አላወቁም" ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሊያን "ወደውት እኮ ነው" ስላት "ፍቅር እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ" ትለኛለች በስዊድንኛ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማንን ልቆጣ?

ሐኪሟ የወሰደችው የደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ ኡላ ራሷ ደወለች፤ "ሽማግሌውን ይዘሻቸው ነይ" አለች። አባቴ እንቢ፣ እንቢ ብለው መጨረሻ ላይ መጡ። ሐኪሟም መጥታለች፤ ሊያ ቦራን ይዛ ቆማለች፤ አላየቻቸውም። ሐኪሟ የጠረጠረችው ልክ ነበር፤ ግን ገና ጅማሬው ላይ ነው የተገኘው። ፉርሽካው ይቀራል፣ አልፋልፋና ካልሲየም ይጨመርለታል፣ አጥንቱ በወራት ውስጥ ይጠነክራል፤ ይድናል። አስተረጎምኩላቸው። "ተመስገን" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"አንድ ነገር ጠይቂልኝ።"

"ይጠይቁ አባባ።"

"ያ የጋሪዬ ፈረስ፣ ዳማው። አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ከዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካ እያመጣሁ ከናንተ አፍ ሳይቀር ቆጥቤ ነው ያበላሁት፤ በከተማው እንደሱ የጠገበ ፈረስ አልነበረም። ፊቱ አበጠ። እዚህ ጋ፣ ልክ እንደዚህ። ማነከስ አመጣ። አንድ ቀን በደህናው መንገድ ላይ፣ ሳይጫን፣ እግሩ ቅጭ አለ። ሰው ሁሉ ቡዳ በላው አለኝ። እኔም ጎረቤቴን ስጠረጥር ኖርኩ።" ኮፍያቸውን አወለቁ። "ጠይቂልኝ። እኔ ነኝ ወይ የገደልኩት?"

ያን ቀን አስታውሳለሁ። አባቴ ግቢያችን ውስጥ፣ ባዶው ጋሪ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሌላ ፈረስ አልገዙም።

ለሐኪሟ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት። ሴትዮዋ ሐቀኛ ናት፣ አልዋሸችም። ፈረሱን ሳታየው እርግጠኛ መሆን እንደማትችል ነገረችኝ፤ ግን ያበጠው ቦታ፣ ማነከሱ፣ ሳይጫን የተሰበረው አጥንት፣ ሁሉም በትክክል ይገጥማል አለች። በድሮ ጊዜ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ይህ በሽታ በጣም ይበዛባቸው እንደነበር፣ ጌቶቻቸውም እንደማያውቁ፣ ብዙ ብዙ አስረዳችኝ። ስትጨርስ ሁሉም እኔን አዩ።

ወደ አባቴ ዞርኩ።

"አይደለም አለች" አልኩ። "እሱ ሌላ በሽታ ነው አለች።"

ወዲያው ሊያ ትዝ አለችኝ። ልጄ ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች! ቀስ ብዬ ዞርኩ። የቦራን ልጓም ይዛ አፍጥጣ እያየችኝ ነው። አባቴ እኔን አላመኑም መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ወደሷ አዞሩ። እሷ ቦራን አየች። ከዚያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለምናት የኖርኩትን አማርኛ፣ በጎረበጠው አፏ አወጣችው።

"አዎ አባባ። አይደለም አለች። አንተ አይደለህም።"

ልጓሙንም ሰጠቻቸው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ሆስፒታል ስለምሠራ ዘመድ ለታማሚ እንዲያስተረጉም እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ለምን እንደማይፈቀድ ግን የገባኝ ያን ቀን ነው። ልጄን እውነት እንድትናገር እየመከርኩ አሳድጌ፣ ዓይኗ እያየ ዋሸሁ፤ እሷም ዋሸች፤ እኔም በውሸቷ ኮራሁ። ልክ ነኝ ብዬ አልከራከርም። ከዚያ ወዲህ "በሞቴ" ብዬ ማንንም አላጎርስም። እንግዳ "በቃኝ" ሲለኝ "በቃህ?" ብዬ አምነዋለሁ፤ ዘመዶቼ ስዊድን ሆነች ብለው ያሙኛል። ይሙኝ። ሰውን ስወድ መጀመሪያ መጠየቅን ተምሬያለሁ፤ መቼ ዝም እንደሚባል ግን እስካሁን አልተማርኩም።

ደግሞ ያልነገርኳችሁ አለ። ያን ዕለት በአውቶቡስ ስንመለስ ሊያ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔና አባቴ ከኋላ። ፊቲያ ልንደርስ ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

"ፀዳለ።"

"አቤት አባባ።"

"ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች። ያንቺ ግን አጠረ።"

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"ይሁን፣ ተይው" አሉ፣ የሊያን ማጅራት እያዩ። "ልጅቱ 'አባባ' ብላ መለሰችልኝ። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር።"